ከምጽዋ እስከ አስመራ፦ የሐዲዱና የወደቡ ባለሙያዎች

ከምጽዋ ወደ አስመራ የሚወጣው የባቡር ሐዲድ 118 ኪሎ ሜትር ነው። ጣሊያኖች በ1887 ከባሕሩ ዳር ጀምረውት አስመራ የገባው በ1911 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከባሕር ወለል ተነሥቶ 2,400 ሜትር ገደማ ይወጣል። በሐዲዱና በሐዲዱ መካከል ያለው ስፋት 95 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ጠባብ በመሆኑ የተራራውን ወገብ እየታከከ በአጭር ኩርባ መዞር ይችላል። የኦበልን ወንዝ የሚሻገረው ባለ 14 ቅስት ድልድይ ብዙ ጊዜ ፎቶ ይነሣል፤ ይገባዋልም።

እኔን ግን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ማሌት የሚባለው የእንፋሎት ባቡር ነው፤ በተለይ የጣሊያኑ ኩባንያ አንሳልዶ በ1938 የሠራው ዓይነት። ዳገት ለመውጣት ብዙ ጎማ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጎማ በአንድ ረጅም ብረት ላይ ከታሰረ ደግሞ ኩርባው ላይ ይነክሳል። የማሌትን ንድፍ ያወጣው መሐንዲስ ጎማዎቹን ለሁለት ከፈላቸው፦ የኋለኞቹ ከቦይለሩ ጋር የጸኑ ናቸው፣ የፊተኞቹ ግን ከሥሩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዞራሉ። ትኩሱና ኃይለኛው እንፋሎት መጀመሪያ ወደ ኋለኞቹ ትንንሽ ሲሊንደሮች ይገባል፤ እዚያ ሠርቶ ሲደክም በሚተጣጠፍ ቧንቧ ወደ ፊተኞቹ ትላልቅ ሲሊንደሮች ያልፋል። የሚንቀሳቀሰው መጋጠሚያ የሚሸከመው የደከመውን እንፋሎት ብቻ ስለሆነ በቀላሉ አያፈስም። አንዱ ሐሳብ ሁለት ችግር ፈታ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ቆሜ ባየው አልጠግብም።

ወደቡም የራሱን ባለሙያ አይቷል። በ1941 ጣሊያኖች ምጽዋን ለእንግሊዝ ከማስረከባቸው በፊት መርከቦቻቸውን ራሳቸው አሰጥመው ወደቡን ዘጉት። ተንሳፋፊውን ትልቅ የመርከብ መጠገኛም በፈንጂ ወለሉን በሳስተው አሰጠሙት። በ1942 የመጣው አሜሪካዊው የባሕር ኃይል መኮንን ኤድዋርድ ኤልስበርግ ቀዳዳዎቹን ልድፈን አላለም። የተደፋ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ሲገባ አየሩን እንደሚይዝ፣ የታመቀ አየር ከላይ እየነፋ ውኃውን በዚያው በተበሳው ወለል ገፍቶ አስወጣው። አጥፊው የከፈተው ቀዳዳ የውኃ መውጫ ሆነ፤ መጠገኛውም ተንሳፈፈ።

ሐዲዱ ደግሞ በሌላ ጦርነት፣ በኤርትራ የነጻነት ጦርነት፣ ተነቀለ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ባቡሩ ቆመ፤ ብረቱም የምሽግ ማጠናከሪያ ሆነ። ከኤርትራ ነጻነት በኋላ ጥገናው በ1994 ሲጀመር የተጠሩት ጡረታ የወጡት የባቡር ሠራተኞች ነበሩ፤ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ሽማግሌዎች። ከየምሽጉ የተሰበሰበውን ሐዲድ አቃንተው መልሰው ዘረጉት፤ አሮጌዎቹን ማሌቶች አስመራ በሚገኘው ወርክሾፕ እንደገና አስነሡ። በ2003 መስመሩ አስመራ ደረሰ።

ከአንሳልዶም ከኤልስበርግም የእነዚህን ሰዎች ሥራ አስበልጣለሁ። አንሳልዶ አዲስ ብረት ነበረው፣ ኤልስበርግም አየር የሚያምቅ ማሽን ነበረው። ሽማግሌዎቹ ግን የነበራቸው የተጣመመ ሐዲድና ከወጣትነታቸው ጀምሮ በእጃቸው የኖረ ሙያ ነው። ማሌትን ቆሞ የማየት ዕድል የሚያገኝ ሰው ጭስ ማውጫውን ትቶ ጎንበስ ይበልና በፊተኞቹና በኋለኞቹ ጎማዎች መካከል ያለውን መጋጠሚያ ይመልከት፤ የእነዚያ ሽማግሌዎች እጅ ያለው እዚያ ነው።