ጆሮን በቀመር

አድማጭ ስለ አንድ ቅጂ የሚሰጠውን ፍርድ ሳይጠይቁት በቀመር መተንበይ ይቻል ይሆን? የእንግሊዙ ሰሬይ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ፍራንሲስ ረምሲና ባልደረቦቹ ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት፣ አድማጩን ከብበው በሚቆሙ ድምፅ ማጉያዎች ሆን ተብሎ ጥራቱ የተቀነሰ ድምፅ እያሰሙ ነጥብ አሰጡ። ከሠለጠኑት አድማጮች ፍርድ 70 በመቶ ያህሉን የወሰነው የድምፁ ቃና ሆኖ ተገኘ፤ የድምፁ አቅጣጫና ስፋት ግን 30 በመቶ ገደማ ብቻ። ያልሠለጠኑትማ ከዙሪያቸው የሚመጣውን ከጉዳይም አልቆጠሩት።

ለመሐንዲሱ ይህ ወርቅ ነው፤ የማሰራጫ አቅም ሲያንሰው የቱን ቆርጦ የቱን እንደሚያተርፍ ይነግረዋል። ለሙዚቃ ዳኛ ይሁን ከተባለ ግን አልስማማም። አማካዩ የተገኘው ለሙከራው ከተመረጡት ቅጂዎች ነው። ማኅሌታችንን እንውሰድ፤ መዘምራኑ በግራና በቀኝ ተሰልፈው ይቀባበላሉ። ግራጌታና ቀኝጌታ የሚሉት ማዕረጎች እንኳ የመቆሚያ ቦታ ስሞች ናቸው። ይህንኑ በአንድ ድምፅ ማጉያ ብናሰማው ቃናው ይተርፍ ይሆናል፤ መቀባበሉ ግን ይጠፋል፣ አንድ ወገን ለራሱ የሚመልስ ይመስላል። ታዲያ ይህ 30 በመቶ ነው?

ደግሞም እንዲህ ያለው ልኬት የሚጠይቀው ከዋናው ቅጂ ምን ያህል ራቀ ብሎ ነው። ዋናው ቅጂ ራሱ በአንድ ማይክሮፎን ተቀርጾ ከሆነ፣ ግራና ቀኝ የሌለው ግልባጭ ሙሉ ነጥብ ያገኛል።