ደብዳቤውን ወላጅ ይክፈተው

ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሚገቡ ቤተሰቦች ብዙውን ጊዜ ኑሮ የሚጀምሩት በመርካዝ ክሊታ፣ ማለትም በአዲስ ገቢዎች መቀበያ ማዕከል ነው። ጊዜያዊ ይባል እንጂ ዓመታት የሚቆዩበት ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ከመጡት ብዙዎቹም በሆቴልና በካራቫን ሠፈር ከርመው ነው በመንግሥት በተደገፈ ብድር ቤት የገዙት። የእኔ ሥራ ቤተሰቦችን ለዚህ ሽግግር ማሠልጠን ነው። አጥብቄ የምይዘው አንድ ነገር አለ፦ ቤት የማስተዳደር ዕውቀት ከልጁ በፊት ለወላጁ ይድረስ።

መርካዝ ውስጥ ቧንቧ ሲበላሽ ጠጋኝ የሚጠራ፣ ደብዳቤ ሲመጣ የሚያነብ ሠራተኛ አለ። የገዛ ቤታቸውን ቁልፍ ተቀብለው ሲወጡ ግን አርኖናው (የማዘጋጃ ቤት ግብሩ)፣ ውሃው፣ መብራቱ፣ ቫድ ባይቱ (የሕንፃው የጋራ መዋጮ)፣ ማሽካንታው (የቤት ብድሩ) በየፊናው ይመጣል። ያኔ ዕብራይስጥ ቶሎ የለመደው ልጅ የቤቱ አፍ ይሆናል። ባንክ የሚደውለው እሱ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር የሚከራከረውም እሱ። በአገሩ እርሻና ከብት ሲያስተዳድር፣ ሰው ሲያስታርቅ የኖረ አባት ስለ ገዛ ቤቱ የተወሰነውን ከልጁ ይሰማል። ይህ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ የማሠለጥነው በእውነተኛ ወረቀት ነው። የውሃ ሂሳብን እንውሰድ። ለእያንዳንዱ ነዋሪ በወር 3.5 ሜትር ኩብ በዝቅተኛው ዋጋ ይታሰባል፤ ከዚያ ያለፈው በውዱ ነው። ቤተሰቡ የነዋሪዎቹን ቁጥር ካላስመዘገበ ቤቱ የሁለት ሰው ተደርጎ ይቆጠራል። ሰባት ነፍስ ያለበት ቤት እንግዲህ መብቱ የሆነውን ርካሽ ውሃ በውድ ይገዛል ማለት ነው። የነዋሪው ቁጥር የተጻፈበትን ቦታ እኔ አላሳይም፤ ራሳቸው በጣታቸው እስኪያገኙት እጠብቃለሁ። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችም ቁጥር ይለያሉ። “2” የሚለውን ሲያዩ “እኛ እኮ ሰባት ነን!” ይላሉ። ወዲያው ለውሃ ድርጅቱ የሚሉትን በአጭር ዕብራይስጥ እንለማመድና ይደውላሉ።

ከባዱ ነገር ያኔ ይመጣል። “ልጄ፣ አንቺው ጨርሺልኝ” ብለው ስልኩን ይዘረጉልኛል። እኔ ብናገር በደቂቃ ያልቃል፤ የሚቀጥለው ሂሳብ ሲመጣ ግን መልሰው የሚጠሩት ልጃቸውን ነው። “እማማ፣ እርስዎ ይናገሩ፤ እኔ አጠገብዎ ነኝ” እላለሁ። ቢንተባተቡም ይጨርሱታል።

ማሽካንታም እንዲሁ ነው። ባልና ሚስት አንድ ላይ ተቀምጠው፣ አንደኛው ደመወዝ ቢቋረጥ ወርኃዊው ክፍያ ከየት እንደሚመጣ ከመፈረማቸው በፊት ያስላሉ። ዘመድ አጠገብ ቤት መፈለጋቸውን አልነቅፍም፤ ለልጅ ጥበቃውም ለለቅሶውም የሚደርሰው ዘመድ ነው። ግን ጠዋት ከዚያ ሠፈር በአውቶቡስ ወደ ሥራ ሄደው እንዲያዩት አደርጋለሁ።

ሥልጠናው ቁልፍ በተሰጠ ቀን ማለቁ ትልቅ ጉድለት ነው። ሂሳቦቹ ሁሉ ተራቸውን ጠብቀው እስኪመጡ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት አጠገባቸው የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሲሆን ወላጅ ደብዳቤውን ይከፍታል፤ ልጁም የትምህርት ቤት ሥራውን ይሠራል።