ቀብድ የማይጠይቅ እጅ

የመመረቂያ ዐውደ ርዕይ ስሄድ ከሥዕሉ አስቀድሜ ጎኑ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት የማንበብ ልማድ አለኝ። ርዕስ፣ የተሠራበት ቁስ፣ መጠን፣ ዓመተ ምሕረት፣ የሠዓሊው ስም። በቅርቡ ባየሁት አንድ ዐውደ ርዕይ ላይ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ከትልቅ ሸራ ፊት ረጅም ጊዜ ቆመና አጠገቡ ወዳለችው ተመራቂ ዞር ብሎ «ይሄ ስንት ነው?» አላት። ልጅቷ መሬት መሬት አየች። ስለ ሥዕሉ ሐሳብ ሲጠይቋት እኮ ያለማቋረጥ ስታወራ ሰምቻታለሁ። ለዚህኛው ጥያቄ ግን መልሷ ሁለት ቃል ብቻ ነበር፦ «እርስዎ ያሉትን።»

ሥዕሉ ጥሩ ነበር። እሱን ለሌላ ቀን ላቆየውና ዛሬ ያቺን መልስ ልተች፤ ምክንያቱም መልሷ የልጅቷ ብቻ አይደለችም። የትምህርት ቤቶቻችን መልስ ናት።

«ይሉኝታ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ይሉኝታ ግን ታሪክ አለው። በዚህ አገር በእጁ የሚሠራ ሰው ዋጋውን ሳያፍር ሲጠይቅ ኖሯል፤ ሸማኔውም፣ ብረት ቀጥቃጩም፣ አዝማሪውም። የሚከፈለው ግን ከስድብ ጋር ነበር። «ጠይብ» የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ ስለነበር ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ዘመናዊው ሠዓሊ ከዚያ ስድብ ሸሽቶ «አርቲስት» የሚል የክብር ስም አገኘ። ሲሸሽ ግን ዋጋ መጠየቁንም አብሮ ጥሎት መጣ።

ለጊዜው ችግር አልነበረውም። አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን በ1950 ዓ.ም. ገደማ ሲያቋቁሙ የተመራቂው ተፈጥሯዊ መንገድ ደመወዝ ያለው ሥራ ነበር፤ ማስተማር፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ማተሚያ ቤት። ዋጋህን የሚወስነው የደመወዝ እርከን ነው፤ አንተ ብሩሽህን ያዝ። ዛሬ ግን ያ እርከን ለአብዛኛው ተመራቂ የለም። ያለው ሽቀላ ነው፦ ሎጎ፣ የመጽሐፍ ሽፋን፣ አኒሜሽን፣ የሰርግ ቪዲዮ፣ ለአንድ ካፌ የቴሌግራም ፖስተር። ፍሪላንስ በሚል ቆንጆ ስም የምንጠራው ኑሮ ይሄ ነው። የምንማረው ግን አሁንም ደመወዝ እንደሚጠብቀን ሰው ነው።

«ኢንተርፕረነርሺፕ ተምራችኋል እኮ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ጀማሪ ተማሪ ሁሉ፣ ሐኪም ሊሆን ይምጣ ሠዓሊ፣ የሚወስደው የጋራ ኮርስ አለ። የቢዝነስ ዕቅድ፣ ገበያ፣ ፋይናንስ ይማራል። ክፉ ኮርስ አይደለም። ግን በውስጡ የሚታየኝ ሰው ካፒታል የሚያፈላልግ፣ ሠራተኛ የሚቀጥር፣ ዕቃ የሚያከፋፍል ሰው ነው። የፍሪላንሰሩ ዕቃ የራሱ ሰዓት ነው። ደንበኛው የአክስቱ ልጅ ነው። ውሉ ደግሞ በስልክ የተባለ «ችግር የለም፣ እንግባባለን» ነው። ለዚህ ሰው የአምስት ዓመት ዕቅድ ከማስጻፍ በፊት ሌላ ነገር ያስፈልገዋል።

ይህን ከደረሰብኝ ነው የምናገረው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ አሳታሚ የልጆች መጽሐፍ ሥዕሎች ሠራሁ። ሃያ አራት ሥዕል። ዋጋውን እነሱ ተናገሩ፣ እኔ «እሺ» አልኩ፣ ዘግይቶም ቢሆን ተከፈለኝ። በዓመቱ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ስገባ የሣልኳት ጥንቸል የደብተር ሽፋን ላይ ሆና ጠበቀችኝ። ስሜ የለም። ደወልኩ። «እንዴ፣ ከፍለንሽ የለም እንዴ?» አሉኝ፤ በቅን ልቦና፣ በእውነት ገርሟቸው።

የሕግ ባለሙያ ጓደኛዬ ጋ ሄድኩ፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ከፍታ አስነበበችኝ። በአሠሪ ትእዛዝ ወይም በአገልግሎት ውል የተሠራ ሥራ፣ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ባለቤትነቱ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው። እኔ «ሥዕሉ የኔ ነው፣ የሸጥኩት ለመጽሐፉ ብቻ ነው» ብዬ ነበር ለዓመታት ያሰብኩት። ሕጉ ደግሞ ዝም ካልኩ ዝምታዬን ለከፋዩ ይሰጠዋል። የቀረልኝ የሞራል መብቴ ነው፤ የኢኮኖሚ መብቱ የማንም ይሁን፣ ሥራው የኔ መሆኑ እንዲታወቅ የመጠየቅ መብት አለኝ። እሱን ጠየቅኩ። በሚቀጥለው ሕትመት ስሜን በደቃቅ ፊደል አስገቡት። ገንዘቡ ግን ሄደ።

እስካሁን የሚያናድደኝ አሳታሚው አይደለም። «ሥዕሎቹ የሚያገለግሉት ለዚህ መጽሐፍ የመጀመሪያ እትም ብቻ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፎ ቢፈረምበት ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። አራት ዓመት ስማር ያንን ዓረፍተ ነገር አንድም መምህር አላስጻፈኝም። ስለ ብርሃንና ጥላ ግን ሁለት ሴሚስተር ተምሬአለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። አንድ የማከብራቸው መምህር «ተማሪ ገበያ ማሰብ ከጀመረ መስመሩ ይበላሻል» ይሉ ነበር። ቀልድ አይደለም። ጀበና የያዘች ሴት፣ ዓይኑ ትልቅ የሆነ መልአክ፣ የመርካቶ አህያ፤ ቱሪስት ይገዛዋል ተብሎ መቶ ጊዜ የተሣለውን ሁላችንም አይተናል። ግን ልብ በሉ፤ ያንን መቶ ጊዜ የሚሥለው ማነው? ብዙውን ጊዜ የቤት ኪራይ ቀን የደረሰበትና የመጣውን ሁሉ የሚቀበል ሰው ነው። አንዱን ሥራ በደንብ የሸጠ ለሌላው ሥራ ጊዜ ይተርፈዋል። «አይ» ማለት የሚችለው መጀመሪያ «ስንት» ማለት የቻለ ነው። ስለዚህ የመምህሬን ፍርሃት እጋራለሁ፤ መድኃኒቱን ግን አልጋራም። ተማሪውን ከገንዘብ ወሬ መጠበቅ መስመሩን አያድንለትም፤ ለመጀመሪያው ተደራዳሪ አሳልፎ ይሰጠዋል።

ታዲያ ምን ይማር? የሕግ ዲግሪ አይደለም። አንድ ሴሚስተር፣ ሦስት የቤት ሥራ።

አንደኛው ሒሳብ ነው። እንበል አንድ ተመራቂ ኪራይ፣ ምግብ፣ ትራንስፖርት፣ ኢንተርኔትና ቀለም ደምሮ በወር 30,000 ብር ያስፈልገዋል። በወሩ ውስጥ ደንበኛ ከመፈለግ፣ ከመደወልና ከመጠበቅ ተርፈው በትክክል የሚከፈልባቸው 12 ቀናት ናቸው እንበል። የአንድ ቀኑ ወለል 2,500 ብር ሆነ ማለት ነው። አሁን ያ «በ3,000 ብር ሎጎ ሥራልኝ» የሚለው ጓደኛ ከነማስተካከያው አምስት ቀን ከፈጀበት፣ ቀኑን በ600 ብር ሸጧል። ይህን አንዴ በወረቀት ያየ ልጅ «እርስዎ ያሉትን» ሲል ምን እንደሚል ያውቃል። እዚያው ላይ የግብር ነገር ይጨመር። ለድርጅት ስትሠሩ መጀመሪያ የምትጠየቁት «ደረሰኝ አለህ?» ነው። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ደግሞ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ፈቃድ ላላቀረበ ሰው ከክፍያው 30 በመቶ ተቀናሽ እንዲደረግ ተደንግጎ ነበር። ይሄን ከክፍያው ቀን በፊት ማወቅና በዚያው ቀን ማወቅ አንድ አይደሉም።

ሁለተኛው ጽሑፍ ነው። በአማርኛ፣ አንድ ገጽ። ምን ይሠራል፣ ስንት ጊዜ ይታረማል፣ መቼ ይደርሳል፣ ለምን ያገለግላል፣ የማን ስም ይጻፍበታል፣ ሐሳብ ከተቀየረ ምን ይሆናል። ቋንቋው ቀላል ይሁን፤ አያታችሁ ሲነበብላቸው የሚገባቸው ዓይነት።

ሦስተኛው አፍ ነው፤ ከሁሉም ከባዱ። መምህሩ አጎት ሆኖ ይተውን፦ «አንተ ልጄ አይደለህ እንዴ? ከኔ ገንዘብ ትቀበላለህ?» ተማሪው ሳይሳደብም ሳይሸነፍም ይመልስ። ዝምድና ቅናሽ ያስገኛል፤ ይገባልም። ግን ሙሉው ዋጋ መጀመሪያ ይጻፍ፣ ቅናሹ ከሥሩ ይቀነስ። ያኔ አጎትም ስጦታ እንደተሰጠው ያውቃል።

ለዚህ ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ሞዴል አያስፈልገንም። ሰፈሬ ውስጥ ቁም ሣጥን የሚሠራ አናጺ አለ። ልታዘዘው የሄድኩ ቀን እንጨቱን አሳየኝ፣ ለካ፣ ዋጋውን ነገረኝ፣ ከዚያ እጁን ዘርግቶ «ግማሹን ቀብድ፣ ግማሹን ስትወስጂ» አለኝ። አላፈረም፣ እኔም አልተቀየምኩም። ቀብድ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 ጀምሮ ቦታ አለው፤ የቀብድ መሰጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ሰጪው ሐሳቡን ቢቀይር ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢቀይር እጥፉን ይመልሳል። ልብስ ሰፊው ያውቀዋል፣ ድንኳን አከራዩ ያውቀዋል። የማያውቀው ባለ ዲግሪው ሠዓሊ ነው፤ ወይም ያውቀዋል፣ ግን ለእሱ የተጻፈ አይመስለውም።

በሚቀጥለው ዓመት ዐውደ ርዕይ ያቺን ትንሽ ወረቀት ሳነብ አንድ መስመር ጨምራ ባያት ደስ ይለኛል። ርዕስ፣ ቁስ፣ መጠን፣ ዓመት፣ ዋጋ። ጎልማሳው ሰውዬ ቁጥሩን አይቶ ሊደነግጥ ይችላል። ይደንግጥ። ከዚያ ቀና ብሎ ሲያያት፣ ልጅቷም ቀና ብላ ታየዋለች፤ ወሬው የሚጀመረው ያኔ ነው።