ስለ ዱር ቡና የተነገረውን ትንበያ መመርመር

አሮን ዴቪስ፣ ታደሰ ወልደማርያምና ባልደረቦቻቸው በ2012 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ጥናት ሲወራ «ቡና ሊጠፋ ነው» ወደ ማለት ደርሶ ነበር። ጥናቱ ግን እንዲህ አላለም።

ደራሲዎቹ ዱር ቡና የተገኘባቸውን ቦታዎች ከሙቀታቸውና ከዝናባቸው ጋር አስተያይተው፣ ያው ዐይነት የአየር ጠባይ በ2080 የት እንደሚገኝ በሒሳብ ፈለጉ። ከቦታዎቹ ቢያንስ 65 በመቶ፣ ቢከፋ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር መጠን፣ ለቡና የማይስማሙ ይሆናሉ። በመሬት ስፋት ሲለካ ግን ጉድለቱ ከ38 እስከ 90 በመቶ ነው። አንደኛው ነጥብ ይቈጥራል፤ ሁለተኛው መሬት ይሰፍራል፤ ቀላቅሎ መናገር ስሕተት ነው።

የዘዴው ድካም፣ ተክሉ የተገኘበት ቦታ ሊኖርበት የሚችለውን ሁሉ ያሳያል ብሎ መነሣቱ ነው። ናሙና ሳይወሰድለት በመጥረቢያ የጠፋው ቡና በመዝገብ ስለሌለ፣ ሒሳቡ የሰውን ጥፋት የአየር ጠባይ ሥራ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል።

ይህ ግን መጽናኛ አይሆነንም። ሒሳቡ የደን ምንጠራን ስላላስገባ፣ እውነቱ ከተባለው ሊከፋም ይችላል። በ2017 የወጣው ሌላ ጥናት፣ ቡና ወደ ደጋ ቢዛወርና ደን ቢጠበቅ የሚስማማው መሬት ቢያንስ አራት እጥፍ ሊሰፋ እንደሚችል ያመለክታል። ይሁን እንጂ ይህ ገበሬ የሚተክለው ቡና ነው፤ የዱሩ ቡና ዳገት ለመውጣት ደን ይሻል፣ በዳገቱ ላይ ግን ብዙ ጊዜ እርሻ ይጠብቀዋል።

እንግዲህ የካርታው ጥቅም የጥፋትን ቀን መቍጠር ሳይሆን፣ እንደ ሐረና ባሉት ደኖች ወደ ላይ የሚያወጣውን መንገድ ሳይዘጋ ማስጠበቅ ነው።