ዓባይ ማደሪያ አገኘ፤ የኪነ ጥበብ ሰውስ?

አባቶቻችን «ዓባይ ማደሪያ የለው፤ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይሉ ነበር። ይህ ተረት ከእንግዲህ ወዲህ እንደ ቀድሞው ሊነገር አይችልም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ፣ ወንዙ በመተከል ዞን በጉባ ወረዳ ማደሪያ አግኝቷልና። የግንቡ ከፍታ 145 ሜትር ሲሆን፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘው ሐይቅም «ንጋት» ተብሏል። ዛሬ ልንመረምረው የምንወደው ግን ውሃውን ሳይሆን ስለ ውሃው የተዘፈነውን፣ የተገጠመውንና የተሣለውን ነው።

በእነዚህ ዐሥራ አራት ዓመታት ስለ ዓባይ የወጣው ዘፈንና ግጥም እጅግ ብዙ ነው። ሕዝቡ ከዕለት ጉርሱ ቀንሶ ቦንድ ሲገዛ ኪነ ጥበብም የድርሻውን ማዋጣቱ የሚያስመሰግነው ነው። ዳሩ ግን ሥራዎቹን ረጋ ብለን ብንመለከት፣ በአብዛኛዎቹ ውስጥ ጉባ ስም ብቻ ሆኖ እናገኘዋለን። ወንዙ ይፎክራል፤ ግንቡ ይቆማል፤ መብራቱ ይበራል፤ በወንዙ ዳር ተወልዶ ያደገው ሰው ግን አይታይም። ለመሆኑ የጉሙዝ ሴት በትከሻዋ ባጋደመችው በትር ጫፍና ጫፍ ሸክሟን አመዛዝና ስትሄድ በስንቱ ሥዕል አየናት? ሐይቁ ለሚሸፍነው መሬት ሲባል ከቀድሞ መንደሩ ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ የሄደው ቤተ ሰብ ነገሩ በየትኛው ልብ ወለድ ተጻፈ? በ2013 ዓ.ም. በመተከል በንጹሐን ላይ የደረሰው ግድያና መፈናቀልስ በየትኛው ዘፈን ተለቀሰ? ስለ አንድ አገር ክብር የሚዘፍን ሰው በዚያው አገር የፈሰሰውን እንባ ካላወቀው፣ ዘፈኑ ግማሽ ነው።

የዚህ ጉድለት ምክንያት የችሎታ ማነስ ነው አንልም። ምክንያቱ ጉብኝት ነው። የኪነ ጥበብ ሰዎች በቡድን እየሆኑ ግድቡን እንዲያዩ በየጊዜው ተደርጓል፤ ማየታቸውም መልካም ነው። ነገር ግን የጉብኝት ጠባዩ የታወቀ ነው፤ እንግዳው ይደርሳል፤ መሐንዲሱ ያስረዳዋል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ይመለሳል። ጎብኚ የሚያየው ሊያሳዩት የወደዱትን ብቻ ነው። የሚሰነብት ሰው ግን ማሽላው ሲዘራና ሲታጨድ፣ የቆላው ሙቀት ሰውን ሲያዝል፣ ሽማግሌዎች ነገር ሲያበርዱ ያያል፤ የአገሩንም ቋንቋ ጥቂት በጥቂት ይለምዳል።

ስለዚህ ሠዓሊው፣ ደራሲው፣ ሙዚቀኛውና ፊልም ሠሪው ለአንድ ክረምት ወይም ለአንድ በጋ አብረው የሚኖሩበትና የሚሠሩበት ቤት በጉባ ቢቆም እንወዳለን። ይህ አሳብ ከባሕር ማዶ የመጣ መጤ የሚመስለው ቢኖር የቅኔ ቤቶቻችንን ያስታውስ። ወደ ዋድላ፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋሸራ የሚሄደው ተማሪ የትውልድ ቀየውን ትቶ፣ በትንሽ ጎጆ አድሮ፣ ቁራሽ ለምኖ ቅኔ ይቆጥር ነበር። በዚያ ሕይወት ውስጥ ብቸኝነት፣ መምህርና የሚመግብ ሕዝብ ነበሩበት።

በሌላው ዓለም የታወቀው ምሳሌ በአሜሪካ በኒው ሃምፕሽር የሚገኘው የማክዶዌል ሰፈር ነው። የዜማ ደራሲው ኤድዋርድ ማክዶዌልና ባለቤቱ ማሪያን በ1907 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ሲሆን፣ እያንዳንዱ እንግዳ በጫካ ውስጥ የሥራ ጎጆ ይሰጠዋል፤ አሳቡ እንዳይቋረጥም ምሳው በቅርጫት ሆኖ ከደጃፉ ይቀመጥለታል። በአገራችንም መስከረም አሰግድና ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ በዞማ ስም የጀመሩት ሥራ፣ በአዲስ አበባ ብቻ ሳይወሰን በድሬዳዋ አጠገብ ባለችው በሐርላ መንደር የኪነ ጥበብ ሰዎችን ተቀብሏል። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የዞማ ሙዚየምም ጭቃና ጭድ በባለሙያ እጅ ምን ያህል ውበት እንደሚሆኑ አሳይቷል።

ከእነዚህ የትኛው ለጉባ ይስማማል? የማክዶዌል ጸጥታ ብቻውን የሚበቃ አይመስለንም፤ የጉባን ሥራ የጎዳው የጫጫታ ብዛት ሳይሆን ከሰው መራቅ ነውና። የቅኔ ቤቱ መምህር ያስፈልጋል፤ መምህሩም የአገሩ ሰው ይሁን። በአሶሳ በኩል የበርታ ሕዝብ ዋዛ የተባለውን ከቅል የሚሠራ መለከት በኅብረት ሲነፋ፣ አንድ ሰው ዜማውን ብቻውን አይጫወትም፤ እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ በተራው እየጣለ ዜማው ከሁሉም ይፈጠራል። ከከተማ የሚሄድ ሙዚቀኛ ከዚህ የሚማረው ብዙ ነው።

በእኛ አስተያየት ሦስት ነገሮች ሊጠበቁ ይገባል። አንደኛ፣ የሚያስተምረው ያገር ባለሙያ እንደ መምህር ደመወዝ ይከፈለው እንጂ እንደ ትርኢት አይታይ። ሁለተኛ፣ የጉባ ወጣትም ከእንግዶቹ እኩል በቤቱ ገብቶ በቋንቋው ይሥራ። ሦስተኛ፣ እንግዳው ስለ ግድቡ ውዳሴ እንዲጽፍ አይታዘዝ፤ የታዘዘ ውዳሴ ከመመረቂያው በዓል አያልፍምና።

ወጪው ይከብዳል የሚል ቢነሣ፣ ቤቱ ከሲሚንቶ ይሁን ያለ የለም፤ ክልሉ የቀርከሃ አገር ነው። የጸጥታው ነገር ግን እውነተኛ ጥያቄ ስለ ሆነ፣ ነዋሪው ራሱ በሰላም ወጥቶ ሳይገባ እንግዳ መጥራት አይገባም። ያ ሲረጋገጥ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ክፍሎች ቢያስቡበት፣ ለወንዙ ይህን የሚያህል ማደሪያ የሠራ ሕዝብ ለጥቂት የጥበብ ሰዎች ጎጆ መቀለስ አያቅተውም።