አጥንትን የሚያገጥመው የደም ሥር ነውን? የትሩዌታ አስተምህሮ ከስድሳ ዓመታት በኋላ ሲመዘን

ስለ ስብራት ሕክምና በሚጻፉ የመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ «ደም የማይደርሰው አጥንት አይገጥምም» የሚል ሐሳብ አይታጣም። ሐሳቡ በጥቅሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ከመደጋገሙ የተነሣ ማንም የማይመረምረው፣ አንዳንዴም ያለቦታው የሚጠቀስ ሆኗል። ይህ ጽሑፍ ከሐሳቡ ዋና ዋና ምንጮች አንዱን፣ ማለትም ጆሴፍ ትሩዌታ የደም ሥሮች በአጥንት አፈጣጠር ስላላቸው ሚና በ1963 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን ጥናት፣ ዛሬ ካለን ዕውቀት ጋር አስተያይቶ ለመመዘን ይሞክራል።

የጥናቱ ጥንካሬ

ትሩዌታ (1897-1977 እ.ኤ.አ.) በባርሴሎና የሠሩ የካታሎንያ ቀዶ ሐኪም ነበሩ። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት የሞተውን ሥጋ ቆርጦ ማውጣት፣ ቁስሉን ሳይሰፉ መተውና አካሉን በጀሶ ማሳረፍ የሚለውን የቁስለኞች አያያዝ ያስፋፉት እርሳቸው ናቸው። በ1939 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ ተሰደው በኋላ በኦክስፎርድ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆኑ። ስለ ደም ሥር የነበራቸው ጽኑ እምነት የተወለደው ከቤተ ሙከራ በፊት በጦርነት ቁስል ላይ መሆኑን መገንዘብ ሥራቸውን ለመረዳት ይጠቅማል።

የጥናታቸው ዘዴ በራጅ የሚታይ ፈሳሽና ቀለም ወደ ደም ሥሮች አስገብቶ አጥንቱን በስሱ እየቆረጡ መመልከት ነበር። በዚህ መንገድ በ1953 እ.ኤ.አ. ከሥራ ባልደረባቸው ጋር የጭን አጥንት ራስ ደም ከየት እንደሚያገኝ አሳይተዋል። የጭን አጥንት አንገት ሲሰበር ራሱ ለምን እንደሚሞት የምናስረዳው ዛሬም በአብዛኛው በዚያ ሥዕል ነው። የ1963ቱ ጽሑፍም አዲስ አጥንት በሚሠራበት ስፍራ ሁሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ከአጥንት ሠሪ ሕዋሳት ጎን ለጎን እንደሚገኙ በግልጽ አሳየ። አጥንትን እንደ ደረቅ ምሰሶ ይቆጥር ለነበረ ሐኪም ይህ ትልቅ ትምህርት ነበር።

ድክመቱ

የመጀመሪያው ድክመት ጎን ለጎን መታየትን ምክንያት አድርጎ መውሰድ ነው። ሁለት ነገሮች በአንድ ስፍራ መገኘታቸው አንዱ ሌላውን እንደሚያስከትል አያረጋግጥም፤ አጥንቱ የደም ሥሩን ስቦት ሊሆንም ይችላልና። ሁለተኛው ድክመት ትሩዌታ ከዚህ አልፈው አጥንት ሠሪው ሕዋስ ራሱ ከደም ሥር ግድግዳ ሕዋስ ይመነጫል ወደሚለው አስተያየት ማዘንበላቸው ነው። በኋላ የተገኘው ማስረጃ ይህን አልደገፈም፤ አጥንት ሠሪ ሕዋሳት በዋነኛነት ከአጥንት ሽፋንና ከመቅኒ ግንድ ሕዋሳት የሚወለዱ መሆናቸው ታውቋል። በዘመኑ ሕዋስን ከእናቱ እስከ ልጁ ተከታትሎ ማየት አይቻልም ነበርና በዚህ ብዙ ሊወቀሱ አይገባም።

የጎደለውን ማስረጃ ያቀረቡት የኋላ ተመራማሪዎች ናቸው። በ1999 እ.ኤ.አ. በአይጦች የእድገት ካርቲሌጅ ላይ የተደረገ ጥናት የደም ሥር አብቃይ ፕሮቲን (ቪኢጂኤፍ) ሲታገድ የደም ሥሮች ወደ ካርቲሌጁ መግባት እንደሚያቆሙ፣ ካርቲሌጁም ወደ አጥንት ሳይለወጥ እንደሚከማች፣ እገዳው ሲነሣ ግን ሥራው እንደሚቀጥል አሳየ። በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ የተሰበረ አጥንት ያላቸው አይጦች የደም ሥር እድገትን የሚገታ መድኃኒት ሲሰጣቸው በስብራቱ ላይ አጥንት መሠራቱ ቀርቶ ጠባሳ መሰል ሥጋ ብቻ ተገኘ። ከዚህ በኋላ የደም ሥር እድገት ለአጥንት መግጠም አስፈላጊ ነው ማለት ግምት መሆኑ ቀርቷል። የ2014 እ.ኤ.አ. ግኝት ደግሞ በአጥንት ውስጥ ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆናቸውን፣ አጥንት ሠሪ ሕዋሳትን በዙሪያቸው የሚሰበስቡ የተለዩ ሥሮች መኖራቸውን አመለከተ። ስለዚህ የሥሮቹ ብዛት ብቻ ሳይሆን ዓይነታቸውም ሊጠየቅ ይገባል።

አስፈላጊ ማለት በቂ ማለት አይደለም

ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አልገጥም ያለ ስብራት በራጅ ላይ ጫፉ ሾሎና መንምኖ፣ አዲስ አጥንት ሳይበቅልበት ሲታይ «ደም አልደረሰውም» ብሎ መፍረድ ለረጅም ጊዜ የተለመደ ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከእንዲህ ዓይነት ሕሙማን የተወሰደን ናሙና መርምሮ ስፍራው ደም የለሽ አለመሆኑን አሳየ። በእንስሳት ላይ የተደረገ ተጓዳኝ ሥራም የደም ሥሮቹ ቁጥር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንሶ ቆይቶ በኋላ ከሚገጥመው አጥንት ጋር እንደሚስተካከል አመለከተ። አጥንቱ ግን አልገጠመም። እንግዲህ ወሳኙ ጥያቄ ደም ደረሰ ወይስ አልደረሰም የሚለው ብቻ ሳይሆን በጊዜው ደረሰ ወይ የሚለው ነው። ራጅ ደግሞ ካልሲየምን እንጂ የደም ሥርን አያሳየንም።

በዚህም ምክንያት ቪኢጂኤፍን በመርፌ ሰጥቶ አጥንትን ማስገጠም ይቻላል የሚለው ተስፋ በጥንቃቄ መታየት ይኖርበታል። በ2002 እ.ኤ.አ. በጥንቸሎች ላይ የተገኘው ውጤት አበረታች ነበር። ሆኖም ፕሮቲኑ ሲበዛ የሚበቅሉት ሥሮች ደም የሚያንጠባጥቡና ቅርጻቸው የተዛባ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እስከ ዛሬም በስብራት ሕክምና መደበኛ ቦታ አላገኘም። የስብራቱ መረጋጋትም ሊረሳ አይገባም። በስብራቱ መካከል ያለው እንቅስቃሴ ከመጠን ሲያልፍ አዲስ የተዘረጉት ቀጫጭን ሥሮች ይበጠሳሉ፤ ያለብዙ ኦክስጅን መኖር የሚችለው ካርቲሌጅና ጠባሳ ብቻ ይቀራል።

ለእኛ ምን ይተርፋል?

ከዚህ ሁሉ ምርምር ለሀገራችን ሐኪም የሚተርፈው ትምህርት ውድ መድኃኒት አይጠይቅም። ረጅም አጥንት በጤናው ጊዜ ሁለት ሦስተኛ ያህል ውስጠኛ ክፍሉን ከመቅኒው፣ የውጭውን አንድ ሦስተኛ ያህል ከሽፋኑ ይመግባል። ስብራት የመቅኒውን ሥር ሲበጥስ አጥንቱ በሽፋኑና በዙሪያው ባለው ጡንቻ ላይ ይደገፋል። ስለሆነም በቀዶ ሕክምና ጊዜ ለማየት እንዲመች ሲባል ሽፋኑን ከአጥንቱ መግፈፍ የቀረውን መተዳደሪያ መንጠቅ ነው። በራጅ ላይ ፍጹም የተስተካከለ ስብራት ለመግጠም የተሻለ ዕድል አለው ማለት አይደለም። የቅልጥም ታችኛው ሦስተኛ ክፍል የሚከብደን ጡንቻ ስለማይሸፍነው ነው። ክፍት ስብራትን ፈጥኖ ማጠብ፣ አንቲባዮቲክ ሳይዘገዩ መስጠት፣ የሞተውን ቆርጦ ማውጣትና ሕያው የሆነውን መጠበቅ የደም ሥር ሕክምና ናቸው። ሕመምተኛው ሲጋራ እንዲያቆም መምከርም እንዲሁ።

ሌላው ጉዳይ የወጌሻ እሰር ነው። እጅግ ጠብቆ የታሰረ ቀርከሃ በሥጋው ውስጥ ያለውን ግፊት ከቀጫጭን ሥሮች ግፊት በላይ ሲያደርገው ጡንቻው ይሞታል። የትልቁ የደም ሥር ትርታ ገና ሊዳሰስ ይችላልና በትርታ መኖር መጽናናት አደገኛ ነው፤ ማስጠንቀቂያው እየባሰ የሚሄድ፣ ጣቶቹ ሲዘረጉ የሚበረታ ሕመም ነው። ፍጻሜው ጋንግሪንና መቆረጥ ሲሆን፣ በዚህ የሚጎዱት ብዙዎቹ ሕፃናት መሆናቸው ነገሩን ያከብደዋል። ወጌሻን ማውገዝ ብቻ ፋይዳ የለውም፤ ሕዝቡ የሚሄደው ቅርቡ ወዳለው ነውና። በ2005 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት የወጣ ከኢትዮጵያ ገጠር የቀረበ ዘገባ ለወጌሾች የተሰጠ አጭር ሥልጠና እንዲህ ያለውን ጉዳት ሊቀንስ እንደሚችል አሳይቷል። ይህ ከማንኛውም የእድገት ፕሮቲን ይልቅ ብዙ እግርና እጅ ሊያድን ይችላል።

ማጠቃለያ

ትሩዌታ በዝርዝሩ ተሳስተዋል፤ በዋናው ሐሳብ ግን ጊዜ አጽድቋቸዋል። የደም ሥር ለአጥንት መግጠም አስፈላጊ ነው፤ ብቻውን ግን በቂ አይደለም፤ ከዘገየም ላይጠቅም ይችላል። በሕክምና ትምህርት ቤቶቻችን ስለ ስብራት ስናስተምር ከራጅ ፊልሙ በፊት ስለ ቆዳው፣ ስለ ጡንቻውና ስለ አጥንቱ ሽፋን ብንጠይቅ ተማሪው ሕያው አካል እንደሚያክም ይረዳል። የመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ካለፉ በኋላ የሚደረገው ሁሉ የጠፋውን ለመመለስ መታገል ነው።