የስቅለት ዜማ በምን ይመዘናል?

ሕማምንና ሞትን የሚያነሣ ዜማ ሰሚን ስላስለቀሰ ብቻ ሠመረ አይባልም፤ እንባ በደካማ ዜማም ይመጣል። በሰሙነ ሕማማት፣ ማለትም ከትንሣኤ በፊት ባለው ሳምንት፣ በቦሌ መድኃኔዓለምም ሆነ በሲኤምሲ አካባቢ በሳሊተ ምሕረት የሚገኝ አድማጭ አስቀድሞ ሊያስተውለው የሚገባው የከበሮንና የጸናጽልን ዝምታ ነው፤ እነርሱ ሲቀሩ የዜማ መሪው ድምፅ መሸሸጊያ ስለማይኖረው የትምህርቱ ጥልቀትም ጉድለቱም ይገለጣል።

ዋናው መመዘኛ ምልክቱ ነው። ምልክት የሚባሉት በግዕዙ ንባብ አናት ላይ እየተጻፉ ዜማውን የሚመሩ ጽሕፈቶች ሲሆኑ፣ ትውፊቱ ሥርዓታቸውን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣል። ሊቃውንቱም ስምንቱን ዋና ምልክቶች ከክርስቶስ መከራ ጋር አያይዘው ያመሠጥሯቸዋል፤ ይዘት መያዙን፣ ሂደት መወሰዱን፣ ጭረት የግርፋቱን ሰንበር፣ ርክርክ የደሙን መንጠባጠብ ያሳስባል። ስለዚህ ርክርኩን ጠብታ በጠብታ ሳይለይ አድበስብሶ የሚያልፍ መሪ፣ ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሕማሙን ሳይናገር አልፏል።

ከ1600 እስከ 1750 እ.ኤ.አ. ገደማ የዘለቀውና ባሮክ የሚባለው የአውሮፓ ሙዚቃም ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ የሙዚቃ ደራሲው ባኽ በ1727 ባሰማው «የማቴዎስ ሕማማት» ውስጥ ጴጥሮስ ማልቀሱን የሚናገረውን ቃል በረጅም ዜማ ያስለቅሰዋል። እርሱ ግን ሁለት የመዘምራንና ሁለት የመሣሪያ ቡድኖች ነበሩት፤ በቦሌ ያለው የመሪው ጉሮሮና የሚሰግደው ሕዝብ ነው። በመሆኑም ፍጥነቱ የሚመዘነው በሰጋጁ ጉልበት ነው፤ ኪርያላይሶን፣ ማለትም አቤቱ ማረን፣ እየተባለ ሲሰገድ አሮጊቷ ሳትነሣ ቀጣዩን የሚጀምር መሪ ተሳስቷል።

በዚህ ሳምንት ፍትሐት፣ ማለትም ለሟች የሚደረገው ጸሎት፣ ስለማይከናወን በሳምንቱ ለሚያርፉት በሆሣዕና ዕለት አስቀድሞ ይደረጋል። ያን ሰሞን ዘመዱን የቀበረ የቦሌ ነዋሪ፣ ቪላ ውስጥም ይኑር ኮንዶሚኒየም፣ ሐዘኑን የሚያሳርፍበት የሁሉም የሆነው የስቅለት ዜማ ብቻ ነው። የዜማው የዛሬ ፋይዳም ከሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ ይታያል፤ ሲቃ እየጨመረ የራሱን ልቅሶ የሚያሰማ መሪ የሌላውን ሐዘን ቦታ ይወስድበታል። ስለ ድምፅ ማጉያው ደግሞ የሚባለው አጭር ነው፤ ኢኮው፣ ማለትም የድምፁ ማስተጋባት፣ ርክርኩን እርስ በርሱ ስለሚያጣብቀው በስቅለት ቀን መጥፋት አለበት።